የእህል ባንክና የምግብ መጠባበቂያ በድሬዳዋ ገጠር

የእህል ባንክና የምግብ መጠባበቂያ በድሬዳዋ ገጠር በድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ቀበሌዎች የሚኖሩ የምግብ ዋስትናቸው ያልተረጋገጠ ቤተሰቦች በክፉ ጊዜ እህል ወይም በእህል ፋንታ ገንዘብ የሚያገኙባቸው መንገዶች ናቸው። እነዚህም የጎረቤት መረዳጃዎችን፣ በማኅበር የተያዙ የእህል ባንኮችን፣ የመንግሥትን የመጠባበቂያ ክምችት፣ የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምን እና የአስቸኳይ ጊዜ ዕርዳታን ያጠቃልላሉ። ሁሉም በገንዘብ ምንጭ ይለያያሉ፤ ሁሉም ግን የየራሳቸው የገንዘብ ችግር አለባቸው። ከአካባቢው የሚዋጣው እህል ድርቅ ሲመጣ አብሮ ይደርቃል፤ ከውጭ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከረሃቡ ወር በኋላ ይደርሳል።

ድሬዳዋ ለዚህ ጉዳይ የተለየ ቦታ አላት። ከጅቡቲ ወደብ ወደ መሀል አገር በሚወስደው መስመር ላይ የምትገኝ በመሆኗ ለምሥራቅ ኢትዮጵያ የሚላክ የዕርዳታ እህል የሚራገፍባትና የሚከማችባት ከተማ ናት። የባቡር ጣቢያ፣ ትልልቅ መጋዘኖች፣ የዱቄትና የፓስታ ፋብሪካ እንዲሁም የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ በአስተዳደሩ ክልል ውስጥ ይገኛሉ። ይሁን እንጂ በመጋዘን ያለው እህል ባለቤት፣ መድረሻና የበጀት መዝገብ ያለው በመሆኑ ለቅርብ ቀበሌ በቅርበቱ ብቻ አይሰጥም።

ስያሜዎች

በአማርኛ ሦስት ተቀራራቢ ስያሜዎች ይሠራባቸዋል።

የምግብ ባንክ የሚባለው ከአምራቾች፣ ከነጋዴዎችና ከግለሰቦች የተረፈ ወይም የተለገሰ ምግብ ሰብስቦ ለችግረኞች የሚያከፋፍል ድርጅት ነው። ይህ አሠራር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ ፊኒክስ ከተማ ውስጥ ነው። በኢትዮጵያ ስያሜው በስፋት የታወቀው በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በተከሰተበት ወቅት፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ደረቅ ምግብ ተሰብስቦ ለአቅመ ደካሞች ሲታደል ነበር። ከዚያ ወዲህ በበዓላት ሰሞን የሚደረገው ማዕድ ማጋራትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል።

የእህል ባንክ የሚባለው የአንድ መንደር ወይም ቀበሌ ገበሬዎች በመኸር ወቅት እህል አስቀምጠው ወይም በጋራ ገንዘብ ገዝተው በክረምት የሚበደሩበት፣ ወይም ከገበያ ቀነስ ባለ ዋጋ የሚገዙበት የማኅበር ጎተራ ነው።

የመጠባበቂያ ክምችት ደግሞ መንግሥት ለአገር አቀፍ አደጋ የሚይዘው እህል ነው።

የከተማ ምግብ ባንክ የሚቆመው በትርፍ ምግብ ላይ ነው። በገጠር ግን ትርፍ የሚያቀርብ ሱፐርማርኬት፣ ሆቴል ወይም ፋብሪካ የለም። ገበሬው ራሱ አምራችም፣ ለጋሽም፣ ተረጂም ነው። የገጠሩ የገንዘብ ችግር ከከተማው የሚለየው በዚህ ነው።

አካባቢው

ድሬዳዋ የተመሠረተችው በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ሲደርስባት ነው። ዛሬ ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ የሆነች አስተዳደር ስትሆን፣ ከከተማ ቀበሌዎቿ በተጨማሪ 38 የገጠር ቀበሌዎች አሏት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ከአስተዳደሩ 341,834 ነዋሪዎች ውስጥ 108,610 የሚሆኑት በገጠር ይኖሩ ነበር።

የገጠሩ ነዋሪ በአብዛኛው ኦሮሞና የኢሳ ሶማሌ ሲሆን፣ ከፊሉ አራሽ፣ ከፊሉ አርብቶ አደር ወይም ሁለቱንም የሚያጣምር ነው። ዋናዎቹ ሰብሎች ማሽላና በቆሎ ናቸው። ውሃ በሚገኝበት ቦታ ጫትና አትክልት ይለማል። ፍየልና በግ፣ በቆላው ደግሞ ግመል ይረባሉ። መሬቱ ተዳፋትና በጎርፍ የተጠረበ በመሆኑ፣ ዝናቡም አነስተኛና የሚቆራረጥ ስለሆነ፣ ብዙ ቤተሰብ የራሱ ምርት እስከሚቀጥለው መኸር አያደርሰውም። ማሽላ የሚሰበሰበው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ከበልግ ማብቂያ አንስቶ እስከዚያ ድረስ ያሉት የክረምት ወራት ጎተራ የሚራቆትባቸው፣ የእህል ዋጋም ከፍ የሚልባቸው ናቸው።

አስተዳደሩ ሌላም የተደጋገመ አደጋ አለበት፤ ይኸውም ጎርፍ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማውን ባጥለቀለቀ ጊዜ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። እንዲህ ዓይነት አደጋ ሲደርስ ለገጠር ድርቅ የተያዘው የሰው ኃይል፣ ተሽከርካሪና ገንዘብ ወደ ከተማው መዞሩ አይቀርም።

የቆዩ የመረዳጃ መንገዶች

መንግሥታዊ ዕርዳታ ከመጀመሩ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ የራሱ መጠባበቂያ ነበረው።

በሐረርጌ ማሽላ በከርሰ ምድር ጉድጓድ ማስቀመጥ የታወቀ ልማድ ነው። ጉድጓዱ አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ተደርጎ ይቆፈራል፤ እህሉ ከገባበት በኋላ በድንጋይና በአፈር ይደፈናል። አየር ስለሚያጥረው ነቀዝ ቶሎ አይራባበትም። እርጥበት ከገባበት ግን እህሉ ይሻግታል፤ ለዘርም አይሆንም። ጉድጓዱ ከሌባና ከእሳት የሚጠብቅ፣ ኪራይም የማይጠይቅ በመሆኑ ለድሃ ገበሬ ተመራጭ ሆኖ ቆይቷል።

አፎቻ በሐረርና በድሬዳዋ አካባቢ የሚታወቅ የመረዳጃ ማኅበር ሲሆን በሌላው አገር ካለው እድር ጋር ይመሳሰላል። ዋና ሥራው በሐዘንና በሠርግ መረዳዳት ነው። በኦሮሞ ዘንድ ያለው ቡሳ ጎኖፋ ከብቱ ላለቀበት ወይም ለተቸገረ ሰው ዘመድና ጎሳ አዋጥቶ የሚያቋቁምበት ሥርዓት ነው። በሙስሊሙ ማኅበረሰብ የዘካ ሥርዓት ይሠራል፤ መጠኑ ከተሟላ፣ በዝናብ ከበቀለ እህል አንድ አሥረኛ፣ ገበሬው ደክሞ በመስኖ ካለማው ደግሞ አንድ ሃያኛ ለድሆች ይወጣል።

እነዚህ መንገዶች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። አንድ ቤተሰብ ሲታመም፣ አንዱ በሬ ሲሞትበት ወይም ቤት ሲቃጠል እጅግ ጠቃሚ ናቸው፤ ሌሎች ስላላቸው ይሰጣሉ። ድርቅ ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይመታል። ማሳው ካላፈራ ዘካ የሚወጣበት እህል የለም፤ የሁሉም ከብት ከከሳ የሚያዋጣ ጎረቤት አይገኝም። ስለዚህ የአካባቢ መረዳጃ ብቻውን የድርቅ መጠባበቂያ ሊሆን አይችልም፤ ዝናብ ከጣለበት ሌላ አካባቢ ወይም ቀደም ካለ ዓመት የሚመጣ ሀብት ያስፈልገዋል።

የእህል ባንክ አሠራርና ወጪ

የእህል ባንክ ይህን ችግር በጊዜ ለመሻገር የታሰበ ነው። አሠራሩ በወቅቶች የዋጋ ልዩነት ላይ ይመሠረታል። ገበሬ ዕዳውን ለመክፈል በመኸር ወቅት እህሉን በርካሽ ይሸጥና በክረምት ያንኑ እህል በውድ ይገዛል። ባንኩ በመኸር ገዝቶ ወይም ተቀብሎ ያስቀምጣል፤ በክረምት ለአባላቱ ያበድራል፤ አባላቱም በሚቀጥለው ምርት ከጥቂት ጭማሪ ጋር እህል ይመልሳሉ። ጭማሪው በብልሽት የሚጎድለውን ይተካል፤ ወጪንም ይሸፍናል።

የባንኩ ወጪዎች ጥቃቅን ቢመስሉም ተደማምረው ይከብዳሉ። መጋዘን፣ ጆንያ፣ ሚዛን፣ የጥበቃ ደመወዝ፣ የነቀዝ መድኃኒት፣ የማጓጓዣና የመዝገብ ያዥ አበል በየዓመቱ ይከፈላሉ። አየር የማያስገባ ከረጢት መጠቀም ነቀዝን ያለ መድኃኒት ይከላከላል፤ ነገር ግን ከተራ ጆንያ ይልቅ ውድ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ተዘዋዋሪ ገንዘብ ነው። በመኸር ወቅት የሚገዛበት ጥሬ ገንዘብ የሌለው ባንክ ርካሹን ዋጋ ያሳልፈዋል።

የአቅሙን ወሰን ለመረዳት አንድ ስሌት ይበቃል። በዕርዳታ ሥራ የተለመደው የእህል ራሽን በወር ለአንድ ሰው 15 ኪሎ ግራም ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ ለስድስት ወር 450 ኪሎ፣ ማለትም አራት ኩንታል ተኩል ያስፈልገዋል። 200 አባላት ያሉት የእህል ባንክ ከሆነ ፍላጎቱ 900 ኩንታል ይሆናል። እያንዳንዱ አባል በመልካም ዓመት ግማሽ ኩንታል ቢያስቀምጥ የሚጠራቀመው 100 ኩንታል ነው፤ ይህም ሁሉንም አባላት ለሃያ ቀን ያህል ብቻ ያበላል። ከእህሉ አንድ አሥረኛው በነቀዝ ቢበላ ሁለት ቀን ይቀነሳል።

ሁለተኛው ወሰን የመመለስ ጉዳይ ነው። ድርቁ ለሁለት ዓመት ከቀጠለ ተበዳሪው የሚመልሰው እህል የለውም። ዕዳው ከተሰረዘ ባንኩ ባዶ ይቀራል፤ ካልተሰረዘ ደግሞ ድሃው ፍየሉን ሸጦ ይከፍላል። ስለዚህ በድርቅ ዓመት ካፒታሉን ከውጭ የሚተካ አካል የሌለው የእህል ባንክ በተከታታይ ድርቅ መዘጋቱ የተለመደ ነው። የባንኩ ትክክለኛ ጥቅም ረጅሙን ረሃብ መሸፈን ሳይሆን፣ የውጭው ዕርዳታ እስኪደርስ ያሉትን ሳምንታት ማሻገርና ገበሬው ዘሩን እንዳይበላ መጠበቅ ነው።

የመንግሥት የመጠባበቂያ ክምችት

በ1966 ዓ.ም. ከወሎና ከትግራይ ረሃብ በኋላ የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። የአገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ የምግብ ዋስትና መጠባበቂያ ክምችት በ1974 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1982) ሥራ ጀመረ፤ ኋላም ራሱን የቻለ አስተዳደር ተደረገ። ዛሬ ሥራው በኢትዮጵያ አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ሥር ይካሄዳል። ክምችቱ በተለያዩ ከተሞች ባሉ መጋዘኖች የሚቀመጥ ሲሆን ከእነዚህ አንዷ ድሬዳዋ ናት፤ ሌሎቹ አዳማን፣ ኮምቦልቻን፣ መቀሌንና ሻሸመኔን ይጨምራሉ።

ይህ ክምችት የተቋቋመው በቀጥታ እንዲያድል ሳይሆን እንዲያበድር ነበር። አንድ ለጋሽ እህል ለመስጠት ቃል ሲገባ መርከቡ ጅቡቲ እስኪደርስ ወራት ያልፋሉ። በዚህ ጊዜ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ወይም የዕርዳታ ድርጅቱ የለጋሹን ቃል አስይዞ ከመጠባበቂያው ይበደራል፤ እህሉ ለተረጂው ወዲያው ይደርሳል፤ መርከቡ ሲገባ ብድሩ በእህል ይመለሳል። መጠባበቂያው በለጋሹ ቃልና በተረጂው ረሃብ መካከል ያለውን ጊዜ የሚያሻግር ድልድይ ነው።

አሠራሩ ጥሩ የሆነውን ያህል በቃሉ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ቃል የገባ ለጋሽ ከሌለ መበደሪያ የለም። በ1991 እና በ1992 ዓ.ም. ድርቅ ወቅት እንደታየው፣ የተበደሩት መተኪያውን በወቅቱ ሳያስገቡ ሲቀሩ ክምችቱ እጅግ ይመናመናል፤ ፍላጎቱ በሚበረታበት ሰዓትም ቀጣዩ ጠያቂ የሚበደረው ያጣል። በተጨማሪም እህል ስለሚያረጅ በየጊዜው መለወጥ አለበት፤ ለዚህም የግዢ፣ የመድኃኒትና የማጓጓዣ በጀት ያሻዋል። ድርቅ ባይኖርም ወጪው አይቆምም።

የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም

እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ በየዓመቱ የሚደገመው ረሃብ በየዓመቱ በአዲስ የዕርዳታ ጥሪ ይሸፈን ነበር። ችግሩ ግን ድንገተኛ ሳይሆን የታወቀ ነው፤ ያው ቤተሰብ በዚያው ወር በየዓመቱ ይራባል። በዚህ ምክንያት በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀመረ። የድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎችም ከተካተቱት አካባቢዎች መካከል ናቸው።

ፕሮግራሙ ለጥቂት ዓመታት አስቀድሞ የታወቀ በጀት እንዲኖረው የተለያዩ ለጋሾች ገንዘብ በአንድ ቋት ያስገባሉ። ከለጋሾቹ መካከል የዓለም ባንክ፣ አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ የአውሮፓ ኅብረትና አየርላንድ ሲገኙ ቆይተዋል። መሥራት የሚችል የቤተሰብ አባል በወር አምስት ቀን በማኅበረሰብ ሥራ ይሳተፋል፤ እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ የተራቆተ ተራራ ይከልላል። አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና መሥራት የማይችሉ ሌሎች ሰዎች ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ክፍያው በአብዛኛው ለስድስት ወር የሚዘልቅ ሲሆን በገንዘብ ወይም በእህል ይሰጣል።

በድሬዳዋና በሐረርጌ የእህሉን ሥርጭት በከፊል ሲያካሂዱ የቆዩት የዕርዳታ ድርጅቶች ናቸው። በአሜሪካ መንግሥት እህል ሲሠራ የቆየው ካቶሊክ ሪሊፍ ሰርቪስ እና መቀመጫው ድሬዳዋ የሆነው የሐረርጌ ካቶሊክ ሴክሬታሪያት በዚህ ሥራ ለረጅም ጊዜ ቆይተዋል። ከሴፍቲኔቱ ውጭ ያለውን የአስቸኳይ ጊዜ ዕርዳታ መንግሥት፣ የዓለም የምግብ ፕሮግራም እና በካቶሊክ ሪሊፍ ሰርቪስ የሚመራው የድርጅቶች ጥምረት ሲከፋፈሉት ቆይተዋል።

በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የከተማ ሴፍቲኔት ሲጀመር ድሬዳዋ ከአሥራ አንዱ አንዷ ሆነች። ስለዚህ አስተዳደሩ የገጠርና የከተማ ድጋፍ ጎን ለጎን ከሚካሄድባቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

የገንዘብ ችግሮች

የክፍያ መዘግየት። ሴፍቲኔቱ ከተጀመረ ጀምሮ በተደጋጋሚ የተነሳበት ትችት ክፍያ መዘግየቱ ነው። ክፍያው በበጋ ተጀምሮ ክረምት ሳይገባ እንዲያልቅ የታቀደ ነው። ገንዘቡ ከፌዴራል ወደ አስተዳደሩ፣ ከዚያም ወደ ቀበሌ እስኪደርስ፣ የሥራ ቀን መዝገብ ተሞልቶ እስኪጸድቅ ወራት ሲያልፉ ቤተሰቡ ከነጋዴ በብድር ይበላል። ክፍያው ሲደርስ ለአራጣው ይውላል። የዘገየ ድጋፍ በሒሳብ መዝገብ ላይ ሙሉ ነው፤ በቤተሰቡ ጎተራ ግን ጎዶሎ ነው።

የገንዘብ ዋጋ መውረድ። በፕሮግራሙ መነሻ የአንድ ቀን ሥራ ክፍያ 6 ብር ነበር፤ ይህም በወቅቱ ሦስት ኪሎ ግራም እህል ይገዛል ተብሎ የተሰላ ነው። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲያሻቅብ ክፍያው ወደ 8 ብር፣ ቀጥሎም ወደ 10 ብር ከፍ ተደረገ፤ ከገበያው ጋር ግን ሊመጣጠን አልቻለም። ቀድሞ ገንዘብ ይሻለናል ይሉ ከነበሩት ተጠቃሚዎች ብዙዎቹ እህል መምረጥ ጀመሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ከ110 ብር አልፏል። ይህ በዶላር ለሚመጣ ድጋፍ ብሩን ያበዛዋል፤ በብር ለተመደበ በጀት ግን ከውጭ የሚገዛ ስንዴን፣ ዘይትንና ነዳጅን ያስወድደዋል።

የማጓጓዣ ወጪ። ለዕርዳታ የተመደበ ገንዘብ ሁሉ እህል አይሆንም። የአሜሪካ ሕግ ከአገሪቱ የሚላክ የምግብ ዕርዳታ ቢያንስ ግማሹ በአሜሪካ ባንዲራ በሚጓዙ መርከቦች እንዲጫን ያዛል፤ የእነዚህ መርከቦች ዋጋ ከሌሎች ከፍ ያለ ነው። ከዚያ በኋላ የወደብ፣ የየብስ ትራንስፖርት፣ የመጫኛና የማውረጃ ክፍያ ይከተላል። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖ ምክንያት በአገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሰዎች ዕርዳታ ሲያስፈልጋቸው፣ የዕርዳታ ስንዴና ማዳበሪያ የጫኑ መርከቦች በአንድ ወቅት ጅቡቲ ገብተው ወደቡ ተጨናንቋል። በድሬዳዋ በኩል ያለው መንገድ ቢሻሻልም ከከተማው መጋዘን እስከ ተራራማ ቀበሌ ያለው የመጨረሻው ጉዞ ቀላል አይደለም። በ1999ኙ ቆጠራ የተመዘገበው የገጠር ነዋሪ በሙሉ የአንድ ወር ራሽን ቢሰጠው 16,300 ኩንታል ያህል ያስፈልጋል፤ ይህም 400 ኩንታል የሚጭን ተሳቢ መኪና 41 ጊዜ መመላለስ ማለት ነው።

የአስተዳደራዊ ወጪ ገደብ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ የድርጅቶችን አስተዳደራዊ ወጪ በ30 በመቶ ገድቦ ነበር፤ ማጓጓዣን የመሳሰሉ ወጪዎችም በአስተዳደራዊነት መቆጠራቸው ቅሬታ አስነስቷል። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ሲተካ ገደቡ 20 በመቶ ሆነ፤ የአስተዳደራዊ ወጪ ትርጉምም ጠበበ። ለጋሾችም ቢሆኑ ገንዘባቸው ለእህል እንጂ ለመጋዘን ጥገና፣ ለጥበቃና ለመዝገብ እንዲውል አይወዱም። ያለ መዝገብና ጥበቃ ደግሞ እህሉ ለታለመለት ሰው መድረሱን ማረጋገጥ አይቻልም።

የምንጭ መጥበብ። ከሁሉም የሚከብደው ድጋፉ በጥቂት ለጋሾች፣ በተለይም በአሜሪካ ላይ መደገፉ ነው። የዓለም የምግብ ፕሮግራም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 ካገኘው ገንዘብ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ከአሜሪካ የመጣ ነበር። አንድ ምንጭ ሲዘጋ የሚተካው ሌላ ምንጭ በዚያው ዓመት አይገኝም።

የ2015 እና የ2017 ዓ.ም. መቋረጦች

በሰኔ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት (ዩኤስኤአይዲ) እና የዓለም የምግብ ፕሮግራም በመላ ኢትዮጵያ የምግብ ዕርዳታ ሥርጭታቸውን አቆሙ። ምክንያታቸው እህሉ ከታለመላቸው ሰዎች እጅ እየወጣ ለሌላ ዓላማ ይውላል የሚል ነበር። ዕገዳው የመጣው ጎተራ በሚራቆትበት ክረምት መግቢያ ላይ ነው። የተረጂዎች ምዝገባና የመጋዘን ቁጥጥር ከተለወጠ በኋላ ሥርጭቱ በ2016 ዓ.ም. በደረጃ ቀጠለ። በዚህ ጊዜ እህል በመጋዘን እያለ ሰዎች ሳይታደላቸው ወራት አልፈዋል። መቋረጡ በቁጥጥር ላይ የማይወጣ ገንዘብ ኋላ ምን ያህል እንደሚያስከፍል አሳይቷል።

ሁለተኛው መቋረጥ የመጣው ከአሜሪካ የውስጥ ፖሊሲ ነው። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ለ90 ቀናት እንዲቆም አዘዘ፤ በሰኔ 2017 ዓ.ም. መጨረሻም ዩኤስኤአይዲ ራሱን ችሎ መሥራቱን አቆመ። ለሕይወት አድን ሥራዎች የተለየ ፈቃድ ቢሰጥም፣ ክፍያዎች በመዘግየታቸው በርካታ ድርጅቶች ሠራተኞች ቀንሰዋል። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ፕሮግራም በገንዘብ እጥረት ምክንያት በኢትዮጵያ በምግብ እጥረት ለተጎዱ 650,000 ሴቶችና ሕፃናት የሚሰጠውን ሕክምና ለማቆም መገደዱን አስታውቋል።

የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክና ነፃ የንግድ ቀጠና

የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከከተማው ወጣ ብሎ በመልካ ጀብዱ አቅጣጫ የተሠራ ሲሆን የሚያስተዳድረው የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን ነው። ፓርኩ ለአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ቅርብ ነው። የባቡር መስመሩ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። ነሐሴ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. በዚሁ ቦታ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና ሥራ መጀመሩ ታወጀ። የቀጠናው ዓላማ ዕቃ ማከማቸት፣ ማቀነባበርና መልሶ መላክ ነው።

ፓርኩ ለምግብ መጠባበቂያ ተብሎ የተሠራ አይደለም። ከጉዳዩ ጋር በሦስት በኩል ግን ይገናኛል። አንደኛው የሥራ ዕድል ነው፤ ከገጠር ቀበሌ መጥቶ የተቀጠረ ወጣት በየወሩ ለቤተሰቡ የሚልከው ገንዘብ በድርቅ የማይነካ ገቢ ነው። በኢትዮጵያ ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ባለመኖሩ ግን፣ ከቤት ኪራይና ከምግብ ተርፎ የሚላከው በአሠሪው ክፍያና በከተማው ኑሮ ላይ ይወሰናል።

ሁለተኛው የማከማቻና የትራንስፖርት አቅም ነው። ለንግድ ዕቃ የተዘረጋው ባቡርና መንገድ የእህል ማጓጓዣ ዋጋንም ሊቀንስ ይችላል።

ሦስተኛው የአካባቢ ልገሳ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አንድ ግብር ከፋይ ለኢትዮጵያ የበጎ አድራጎት ድርጅት የሚሰጠው ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪነት እንዲያዝለት ፈቅዷል። ይህ ለድርጅቶች ማበረታቻ ቢሆንም ተጠቃሚ የሚሆነው ሕጋዊ ሰውነትና ደረሰኝ ያለው ተቀባይ ነው። ያልተመዘገበ የመንደር እህል ባንክ ከዚህ ዕድል ውጭ ይሆናል።

የመፍትሔ አማራጮች

በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሠራባቸውና የሚታሰቡ አማራጮች በርካታ ናቸው።

የመጀመሪያው ቀድሞ የተያዘ ገንዘብ ነው። በሴፍቲኔቱ ቀደምት ምዕራፎች ከበጀቱ 20 በመቶው ለድንገተኛ ችግር ይያዝ ነበር፤ 15 በመቶው በወረዳ፣ 5 በመቶው በክልል እጅ። ጥቅሙ ዝናብ ሲቀር አዲስ የዕርዳታ ጥሪ ሳይጠበቅ፣ በዚያው መዝገብና በዚያው የክፍያ መንገድ ተጨማሪ ሰዎችን መርዳት ማስቻሉ ነው።

ሁለተኛው ከአገር ውስጥ የሚሰበሰብ ቋሚ ገንዘብ ነው። በ2017 ዓ.ም. የአደጋ ስጋት ምላሽ ፈንድ የሚያቋቁም ረቂቅ አዋጅ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀርቧል። የኦሮሚያ ክልልም ቡሳ ጎኖፋን በሕግ አቋቁሞ አባላት በየዓመቱ የሚያዋጡበት ተቋም አድርጎታል። የድሬዳዋ አስተዳደር ከክልሉ ውጭ ቢሆንም የገጠሩ ሕዝብ ልማዱን ያውቀዋል። የመዋጮ ጥቅሙ ገንዘቡ የራስ መሆኑ ነው፤ ፈተናው ደግሞ መዋጮው በፈቃድ መሆኑን፣ ሒሳቡም ለአዋጪው ግልጽ መሆኑን መጠበቅ ነው።

ሦስተኛው የመንደር እህል ባንክን ከትልቁ ክምችት ጋር ማያያዝ ነው። በመልካም ዓመት ባንኩ ከአባላቱ ይሰበስባል፤ በድርቅ ዓመት የጎደለውን ከመጠባበቂያው ይበደራል ወይም ይተካለታል። እንዲህ ሲሆን የባንኩ ካፒታል በአንድ ድርቅ አያልቅም፤ መጠባበቂያውም እህሉን ከገበሬው አጠገብ ያገኘዋል።

አራተኛው ክፍያን ከእህል ዋጋ ጋር በየጊዜው ማስተካከልና በሞባይል ወይም በባንክ ሒሳብ መክፈል ነው። ይህ መዘግየትን ሊቀንስ ይችላል፤ ገበያ በሌለበትና ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌ ግን እህሉ ራሱ መድረስ ይኖርበታል።

እነዚህ አማራጮች አንዱ ሌላውን አይተካም። የጎረቤት መረዳጃ ለቤተሰብ ችግር፣ የእህል ባንክ ለክረምት ሳምንታት፣ ሴፍቲኔት በየዓመቱ ለሚደገመው ጉድለት፣ የመጠባበቂያ ክምችት ለድርቅ ዓመት ይሆናሉ። በድሬዳዋ ገጠር የገንዘብ ችግሩ የሚከፋው ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ሸክሙ በሙሉ በቀጣዩ ላይ ሲወድቅ ነው። የመጨረሻው ሸክም የሚያርፈውም ፍየሉን በሚሸጠው ወይም ለዘር ያስቀመጠውን ማሽላ በሚፈጨው ቤተሰብ ላይ ነው።